ዳር ዳሩን በየአሥራ አምስት ሳንቲ

ሚስማር የት እንደሚመታ ለሰው ማሳየት ምን ይከብዳል የምትሉ ካላችሁ፣ ደስተኛ ሰዎች ናችሁና እግዜር ደስታችሁን ያዝልቅላችሁ። እኔም እንደናንተው ነበርኩ። ጎንደር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ቢሮ የቤት ፕላን እየሳልኩ እንጀራዬን ስበላ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። በነዚህ ዓመታት በር ስያለሁ፣ መስኮት ስያለሁ፣ ባለቤቱ "እዚህ ጋ ትሁንልኝ" ስላለ ብቻ ወደየትም የማታደርስ ደረጃ ስያለሁ። ሚስማር ግን ስዬ አላውቅም ነበር። ሚስማር የሚሳል ነገር መሆኑን ያወቅሁት የአክስቴ ጣሪያ ከበረረ በኋላ ነው።

ለነገሩ ጎንደር ውስጥ ፕላን ሳይ መሆን የራሱ መከራ አለው። ዞር ባልኩ ቁጥር ግንቡ ይታየኛል። ደንበኛው ወረቀቴን ገለባብጦ ካየ በኋላ በመስኮት ወደ ግንቡ እየጠቆመ "ያ እኮ ያለዚህ ሁሉ ወረቀት ነው የቆመው" ያላለኝ ሳምንት የለም። መልስ አለኝ፤ ግን ግንቡ ከነግርማው ፊቴ ተገትሮ ምን ብዬ ልከራከር? እርሳሴን እቀርጻለሁ።

ወደ አክስቴ ልመለስ። አክስቴ ስንዱ ከደባርቅ ወዲያ መካነ ብርሃን ነው የምትኖረው። አገሩ ደጋ ነው፤ የካቲትና መጋቢት ሲሆን ደግሞ ነፋሱ ሰው አያስቆምም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ብቻዋን ስል ከሁለት ላሞች፣ ከጥቂት በጎችና ከአንድ ነገረኛ አውራ ዶሮ ጋር ማለቴ ነው። ሁለቱ ልጆቿ ከጎንደር ወረድ ብሎ ጠዳ ላይ ሱቅ ከፍተው እዚያው ከትመዋል። የሣር ቤቷን በቆርቆሮ ስትለውጥ ፕላኑን የሳልኩላት እኔ ነኝ። ቆርቆሮ ብቻውን ብርድ ያስገባል ብዬ ከሥሩ ኮምፔንሳቶ እንዲነጠፍ ያደረግሁትም እኔው ነኝ። ኮምፔንሳቶ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ስስ እንጨት ተደራርቦና ተጣብቆ እንደ ሰፊ ገበታ የሚሸጠው ነው። እሱን ጣሪያውን በሚሸከሙት የባህር ዛፍ ወራጆች ላይ ማንጠፍ፣ ከሱ በላይ ቆርቆሮውን መምታት። በወረቀት ላይ ሲታይ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ!

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ነፋሱ መጣና ኮምፔንሳቶውን ከነቆርቆሮው አንስቶ የጎረቤት ማሳ ውስጥ አስቀመጠው። አክስቴ በዚያ ሰዓት ወፍጮ ቤት ነበረች፤ ተመስገን ነው።

ዘመድ ተሰበሰበ። ልጆቿ ከጠዳ መጥተው "በቃ፣ ከእንግዲህ ከኛ ጋር ትወርጃለሽ" አሏት።

"ጠዳ ወርጀ የሱቅ በር ልጠብቅ? ላሞቼንስ ባንኮኒው ላይ ላስራቸው?" አለች።

ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ እንዲህ ተባለ፤ ጣሪያው አንድ ጊዜ እንደገና ይሠራ፤ ዳግመኛ ከተነሳ ግን አክስቴ አንድ ቃል ሳትናገር ጠዳ ትወርዳለች። አክስቴ እሺ አለች። እሺ ስትል ግን ልጆቿን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

"ሰማህ ልጀ?" አለችኝ። "ያስነቀልከኝ አንተ ነህ፤ አንተው ትከለኝ።"

ይህን ሰምቶ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ካለ እሱ አክስት የለውም።

ጣሪያውን የሠሩት አናጺ አያ ዘውዱ ይባላሉ። መዶሻቸውን መቀነታቸው ላይ ሻጥ አድርገው የሚሄዱ፣ ጨዋ፣ ቃላቸውን የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። ቃላቸውን መጠበቃቸው ምን እንዳመጣብኝ አሁን ታያላችሁ።

"አያ ዘውዱ፣ አንዱን ገበታ በስንት ሚስማር ነበር የመቱት?" አልኳቸው።

"ባራት።"

"በአራት ብቻ?"

"አራት ማዕዘን አይደለም ወይ?"

"ዳር ዳሩንስ ምነው አልመቱትም?"

አያ ዘውዱ አልተቆጡም። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለውን ስዕሌን አወጡና መሬት ላይ ዘረጉት። "እስኪ ሚስማሩን አሳየኝ ልጀ። በር አለ፣ ሠርቻለሁ። መስኮት አለ፣ ሠርቻለሁ። ይኸ ደሞ ዛፍ ነው፤ እሱንም ተክየልሃለሁ። ሚስማር ብትስል ኖሮ አልመታም ነበር?"

ቀና ብዬ አየሁ። ስዕሉን ለማሳመር ብቻ ከበሩ በስተግራ ያስቀመጥኳት ዛፍ፣ በሳልኳት ቦታ ላይ፣ ጽድ ሆና ጸድቃለች። ጥፋቱ የኔ ነበር። ያን ቀን በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ማልኩ፤ ከእንግዲህ ይህ ጣሪያ በሚስማር ምክንያት አይነሳም፣ ሚስማር አልታየኝም የሚል ሰውም አይኖርም አልኩ።

ሕጉ ቀላል ነው። የእያንዳንዱን ገበታ ዳር ዳር በየአሥራ አምስት ሳንቲ፣ መሃል መሃሉን በየሠላሳ ሳንቲ መምታት። ነፋስ መሃል ለመሃል አይገባም፤ ዳር ፈልጎ፣ ጥፍሩን ሰክቶ ነው የሚገለብጥ። ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ። ያልሳልኩት ስለማውቀው ነው። የሚያውቁት ነገር ለሌላውም የታወቀ ይመስላል።

አክስቴ ክረምቱን በማድቤቷ ጎጆ አሳልፋ ጥር ሲገባ አዲሱን ስዕል ላክሁ። አሁን በባለሙያ ወግ ሠራሁት። አንዷን ገበታ አተልቄ ሳልኩና የዳሩንም የመሃሉንም ሚስማር በነጥብ ደረደርኩ። ከሥሯ በትናንሽ ፊደል "ሌሎቹም እንደዚሁ" ብዬ ጻፍኩ። በዓለም ላይ ያለ ፕላን ሳይ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

በሳምንቱ አያ ዘውዱ ደወሉ። "ልጀ፣ ኮምፔንሳቶው አልቋል፤ ሸጋ ሆኗል። ነገ ቆርቆሮውን ላለብሰው ነው። ያችን አንዷንማ እንዳልከው አድርጌ ቸክየልሃለሁ!"

"የትኛዋን አንዷን?"

"የሳልካትን ነዋ።"

"የቀሩትስ?"

"የቀሩትን አልሳልካቸውም። ባራት ባራት መታኋቸው።"

"ከሥሯ የተጻፈውን አላነበቡትም?"

"እሷንማ ያች ተማሪ ጎረቤታችን አነበበችልኝ። 'ሌሎቹም እንደዚሁ' ይላል። እኔም ሌሎቹን እንደዚሁ ተውኳቸው።"

"ቆርቆሮውን እንዳይነኩ! ሌላ ስዕል እልካለሁ" አልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ጥድፊያዬን ትቼ ወገቤን አጥብቄ ተቀመጥኩ።

ጣሪያው ሃያ አራት ገበታ ነው። ለአንዱ ገበታ ስልሳ ስድስት ሚስማር ይገባል። አባዙት፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ አራት ይመጣል። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ አራቱንም ሳልኳቸው። አንድም "እንደዚሁ" የለም፣ አንድም ለግምት የተተወ የለም። ኮምፒውተሩ እንዲደግምልኝ ማዘዝ እችል ነበር፤ ግን እልህ ይዞኛል፣ ደግሞም ኮምፒውተር አላምንም ብዬ በእርሳስ ነው የነጠብኩት። ቅዳሜም እሁድም ቤት ወስጄ ጠረጴዛውን ያዝኩት።

"ምን እየሠራህ ነው?" አለችኝ ባለቤቴ።

"ሚስማር እየመታሁ ነው።"

ትንሽ አየችኝና "በመዶሻ ብትመታው ይፈጥንልህ ነበር" ብላ ሄደች። ሴት ልጅ አንዳንዴ ትንቢት ትናገራለች፤ ባል አይሰማትም።

ስዕሉን ጠቅልዬ ወደ ደባርቅ ለሚሄድ አውቶቡስ ሹፌር ሰጠሁት። ሹፌሩ ደባርቅ ሥጋ ቤት አስቀመጠው፣ የመካነ ብርሃኑ መኪና እስኪነሳ እዚያው ተዘርግቶ ሁለት ቀን ከረመ። ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው። እኔ ያወቅሁት አያ ዘውዱ ሲደውሉ ድምፃቸው በደስታ መሞላቱን ብቻ ነበር።

"አሁን ገና ሳልክ! ይኸ ነው ስዕል! ሦስት ገበታ ጨርሻለሁ፣ ከነጥብህ ንቅንቅ አላልኩም። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አራቱ ሚስማር ከቤቱ ውጭ ነው።"

"ከቤቱ ውጭ?"

"አንዱማ በጎቹ ከሚያድሩበት ዘንድ ነው። ካስማ ተክየ በሱ ላይ ልምታው ወይ?"

"አይምቱት!"

"እሺ። ደሞ ከበሩ በላይ ያለችው ገበታ ላይ ሰባት ሚስማር አንድ ቦታ ታጉሮባታል። እንጨቷ ተሰነጠቀችብኝ፤ ግን ያልከውን ፈጽሜያለሁ።"

ሰባት ሚስማር አንድ ቦታ አልሳልኩም። ከአለቃዬ ፈቃድ ለምኜ በማግስቱ ተነሳሁ። የካቲት እየገባ ነበር፤ ነፋሱ ከኔ ቀድሞ ሊደርስ ነው።

መንገዱን አላወራላችሁም። ከደባርቅ ወዲያ መኪናው ያን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ቁጭ ብለው እያከኩ ሲያዩን፣ "ይኸ ደሞ ሚስማር ሊቆጥር የሚሄደው ነው" የተባባሉ መሰለኝ። ደርሼ ከመኪናው ስወርድ ጥርሴ ይንገጫገጫል። አክስቴ አቅፋ ስማ፣ ስቃና ተቆጥታ፣ የራሷን ጋቢ ደረበችልኝ።

መጀመሪያ ወረቀቱን አየሁ። ሰባቱ ሚስማሮች የዝንብ ኩስ ነበሩ። ከቤቱ ውጭ ያሉት አራቱም የዝንብ ኩስ። እንዲያውም ከኔ ነጥቦች ይልቅ የዝንቦቹ ደመቅ ብለው፣ ክብ ሆነው ይታያሉ።

ቀጥሎ ቤት ገብቼ ወደ ላይ ቀና አልኩ። የተመቱት ሦስት ገበታዎች ከሥር ጃርት መስለዋል። የሚስማር ጫፍ ሁሉ አየር ላይ ተንጨፍርሯል። ወራጁን የያዘ ሚስማር ከአምስት አንዱ ቢሆን ነው።

"አያ ዘውዱ! እንጨት አልያዘም እኮ!"

"አልያዘምማ። እንጨቱ ወዲህ ነው፣ ነጥብህ ወዲያ ነው።"

"ታዲያ እንጨቱ ያለበት ላይ አይመቱትም?"

አያ ዘውዱ አሁን ግን ቅር አላቸው። "ልጀ፣ መጀመሪያ በልቤ መታሁ፣ ጣሪያው በረረ፣ 'ምነው ስዕሉን አላዩም' አልከኝ። አሁን ስዕሉን አየሁ፣ 'ምነው በልብዎ አልመቱም' ትለኛለህ። እኔ የማን ልሁን?"

ወራጆቹን በወረቀት ላይ ቀጥ አድርጌ በማስመሪያ ነው የሳልኳቸው። የአክስቴ ወራጆች ባህር ዛፍ ናቸው፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ ይቀለበሳል፣ አንዱ መሃል ላይ ሆዱን ይነፋል። ባህር ዛፍ ፕላን አያነብም። እኔ ደግሞ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በወረቀት ላይ ስኖር ይህን ረስቼዋለሁ።

አንድ ቀን ብቻ ነው የተፈቀደልኝ፤ ሰማዩ ከወዲያ እየጠራ፣ ነፋሱ ጫፍ ጫፉን እየሞከረ ነው። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። "መሰላሉን ያምጡ" አልኩ። "እኔ ራሴ መትቼ አሳይዎታለሁ።"

"አንተ?" አሉ አያ ዘውዱ።

"አዎ፣ እኔ!"

እንደወጣሁ ታች ያለው መሬት ከወትሮው ራቀብኝ። ቢሆንም ወደ ገበታው ጠርዝ በእንብርክክ ተጠጋሁ፣ ሜትሬን ዘረጋሁ፣ አንዱን ሚስማር አቁሜ መታሁ። ሁለት ጊዜ ሚስማሩን፣ አንድ ጊዜ አውራ ጣቴን። ጣቴን ጠባሁና ቀጠልኩ። አሥራ አምስት ሳንቲ ለካሁ፣ መታሁ። አሥራ አምስት ለካሁ፣ መታሁ። አምስተኛው ሲገባ ላብ በላብ ሆኜ "ይኸው!" ብዬ ለመነሳት ሞከርኩ።

አልተነሳሁም።

እንደገና ሞከርኩ። አንድ ነገር ከኋላዬ ጨምድዶ ይዞኛል። የአክስቴ ጋቢ ከጉልበቴ ሥር ተዘርግቶ ኖሯል፤ ጥለቱን ከገበታው ጠርዝ ጋር አብሬ ቸክዬዋለሁ።

"ምነው፣ ወርደህ እህል አትቀምስም?" አለች አክስቴ ከታች።

"መጣሁ!" አልኩ። አልመጣሁም። የጋቢውን አንድ ጫፍ ከአንገቴ ጋር ብርድ ፈርቼ ጠበቅ አድርጌ ነበር የቋጠርኩት፤ ቋጠሮው ከኋላ ዞሮ በበረደ ጣቴ አልፈታ አለኝ። ይኸኔ ነፋሱ የወትሮውን ሊያደርግ መጣ። ከጋቢው ሥር ገባና ነፋው፣ አናወጠው፣ አንዴ ራሴ ላይ ገለበጠው፣ አንዴ መለሰው። እኔም ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩ። ያልተመታው ወገን ሁሉ ይርገበገባል፤ የተመታው ጥለት ግን ንቅንቅ አላለም።

አያ ዘውዱ በመሰላሉ ወጥተው አዩ። መጀመሪያ ሊስቁ አልፈለጉም፤ ጨዋ ናቸው። ቀጥሎ አልቻሉም።

"ስንት ሚስማር ነው የመታህበት?"

"አምስት።"

ሜትሬን አንስተው ለኩት። "በየአሥራ አምስት ሳንቲው ነው እኮ!" አሉ ወደ አክስቴ እየጮኹ። ስህተቴ እንኳ በልኩ ነው፤ ይህ የትምህርት ጥቅም ነው።

አክስቴ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ወደ ላይ ስታይ ቆየች። የጋቢዋ ነገር አላሳሰባትም። ዓይኗ ጥለቱ ላይ ነበር።

"ኧረ ይኸስ ቆዳ መወጠር ነው!" አለች።

"ምን?" አልን እኔም አያ ዘውዱም።

"የበግ ቆዳ ስትወጥሩ ካስማውን የምታበዙት የት ነው? ዳር ዳሩን አይደለም ወይ? አራት ማዕዘኑን ብቻ ቸክለህ ብትተወው ሲደርቅ ተጠቅልሎ ይገኛል። ይኸ ልጅ ዓመት ሙሉ በነጥብ የሚለን ይኸንኑ ነው።"

የአያ ዘውዱ መዶሻ አየር ላይ ቀረ። ወደ ገበታው አዩ፣ ወደ ጋቢው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ።

"እውነቷን ነው?"

"እውነቷን ነው" አልኩ፣ ጋቢው አፌ ውስጥ እየገባ።

"ታዲያ ምነው ቆዳ አላልከኝም! አርባ ዓመት ቆዳ ወጥሬያለሁ እኮ! ካስማ ደሞ መሬት ካልያዘ ካስማ አይባልም፤ ሚስማሩም ወራጁን ካልያዘ ምኑን ሚስማር ሆነ? ወራጁ የት እንደጎበጠ ከኔ በላይ ማን ያውቃል፣ እኔ አይደለሁም ወይ ያጋደምኩት!"

"መሃሉንስ?" አልኩ፣ ዕድሉ እንዳያመልጠኝ።

"መሃሉንማ እንዳይነፋ አለፍ አለፍ አድርጎ ነው። ዳሩን ሁለት ጋት፣ መሃሉን አራት ጋት።"

እዚያው እንደተቸከልኩ አራት ጣታቸውን አስደርድሬ በሜትሬ ለካሁት። አንዱ ጋት ስምንት ሳንቲ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ሁለት ጋት አሥራ አምስት፣ አራት ጋት ሠላሳ! አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ አራት ነጥብ በአንድ መዳፍ ውስጥ አለቀ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ የሚሉት ወደው አይደለም። እኔ ነገሩን በእርሳስ ስፈልገው አክስቴ ከጓሮዋ አነሳችው።

አያ ዘውዱ በጉጠት ሚስማሮቹን ነቅለው ከጣሪያው ፈቱኝ። አምስተኛው አልወጣ ብሎ ጋቢው ትንሽ ተቀደደ። ከዚያ ስዕሌን አጥፈው ለአክስቴ ሰጧትና ሥራ ጀመሩ። ክር በከሰል ዱቄት ለውሰው ወራጁ በሚሄድበት ሁሉ ገበታው ላይ እየወጠሩ ያሰምራሉ፤ ወራጁ ከጎበጠ ክሩን እዚያው ሰብረው ያጎብጡታል፤ ከዚያ በጋታቸው እየለኩ ይመታሉ። እኔ ቤት ውስጥ ቆሜ ወደ ላይ እያየሁ "ያዘ!" ስል ዋልኩ። አንድም ጫፍ አየር ላይ አልወጣም። ጃርቱን ነቅለው እንደገና መቱት፣ የተሰነጠቀችዋን ገበታ ለወጧት፣ በላዩም ቆርቆሮውን አለበሱት። የተፈቀደልኝ አንድ ቀን ቢሆንም ሁለት ቀን ቆየሁ፤ አለቃዬ ምን እንዳለኝ ይቅርባችሁ። ስመለስ አክስቴ ጋቢውን ከነአምስት ቀዳዳው ሰጠችኝ። ስዕሉን ግን አልመለሰችልኝም። ግድግዳዋ ላይ ለጥፋዋለች፤ ዳር ዳሩን በሚስማር፣ ሁለት ሁለት ጋት እያደረገች።

ጎንደር ከገባሁ በአሥረኛው ቀን የቢሮዬ መስኮት ይንቋቋ ጀመር። የከተማው ነፋስ እንዲህ ከሆነ የላዩ ምን ሊሆን ነው? አክስቴ ጋ ደወልኩ፤ ኔትዎርክ የለም። ከሰዓትም ደወልኩ፤ የለም። በማግስቱ ከጠዳ ትልቁ ልጇ ደውሎ "እናታችን አታነሳም፤ ልናመጣት መኪና ልናይ ነው" አለኝ። ሃያ አራቱን ገበታ በልቤ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ትንሽ ቆዩ ብዬው እንደገና ወደ አክስቴ ደወልኩ፣ እንደገና፣ እንደገና። ግንቡን በመስኮት እያየሁ አንተ ደግሞ ዛሬ ምንም እንዳትለኝ አልኩት።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ተነሳ።

"ማነህ? ጮክ በል፣ ነፋስ ነው!"

"እትየ! እኔ ነኝ! ጣሪያው እንዴት ነው?"

"ቆይ፣ ስልኩን ወደ ላይ ልያዝልህ፣ አንተው ስማ።"

ሰማሁ። ነፋሱ ያፏጫል፣ ይጮኻል፣ አንድ ነገር ፈልጎ ያጣ ይመስል ዞሮ ይመለሳል። አንድ የላላ ቆርቆሮ "ጧ!" እንዲል ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

"ሰማህ?"

"ነፋሱን ሰማሁ።"

"ቆርቆሮውንሳ?"

"ቆርቆሮው አይሰማም።"

"እኔም አልሰማሁትም" አለች። "በል ልዝጋ፣ ላሞቹን ላስገባ ነው። ለጠዳዎቹ ደውልላቸው፤ 'እናታችሁ እንደተከልኳት አለች' በላቸው።"